ፖለቲከኛውና ጄኔራሉ በእርስ በርስ ጦርነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሸዋ ሜዳ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ቡና ቤት ጓሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ታሪክ እናወራለን። ብዙ አይደለንም። ሁለት አስተማሪዎች (አንዱ እኔ ነኝ)፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ። ከፋሲካ ወዲህ የያዝነው ርዕስ አንድ ነው። አገር እርስ በርሱ ሲዋጋ ቤተ መንግሥት ያለው መሪና ግንባር ያለው አዛዥ ለምን ሆድና ጀርባ ይሆናሉ? በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይመጣል፣ በየሳምንቱ ያው ጥያቄ ይነሳል። ደጋግሜ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካኖቹን ሳነሳ ዓመቱም ወሩም በፈረንጆቹ ነው። የእኛን ሳነሳ በእኛው ነው።

ለመሆኑ የሚጣሉት በምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሥልጣን ሽኩቻ ነው ይላል። አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚያጣላቸው ጊዜ ራሱ ነው። መሪው ይቸኩላል። ካዝናው እየተራቆተ ነው፣ ምርጫ እየመጣ ነው፣ ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ደጅ ላይ ናቸው። አዛዡ ደግሞ ቆዩኝ ይላል። ምልምሉ ገና ተኩስ አልለመደም፣ ጫማ አልደረሰም፣ ስንቅ የሚጭን በቅሎ የለም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በእርስ በርስ ጦርነት ነገሩ ይብሳል። ከውጭ ወራሪ ጋር ሲሆን ጠላት ማን እንደሆነ ክርክር የለም። ወንድም ከወንድም ሲዋጋ ግን ግንባር ላይ የሚወሰነው ሁሉ ፖለቲካ ነው። የያዝከው ከተማ ሕዝብ ጠላት ነው ወይስ ወገን? የማረክኸው መኮንን ምርኮኛ ነው ወይስ ወንጀለኛ? ይህን ጄኔራሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ከወሰነው፣ ከጦርነቱ በኋላ የሚኖረውን አገር ወሰነ ማለት ነው። መሪው ደግሞ ይህን ሥራ ለማንም አይለቅም።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። መጥፎ ወሬ ከታች ወደ ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ከዚህ በታች ያለውን በዚህ ዓይን አንብቡልኝ።

የራሳችን ታሪክ እያለ ለምን አሜሪካ?

ጋሼም የመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ነው ያሉኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የእነሱ ተጽፎ ተቀምጧል። ፕሬዚዳንቱ የላከው ቴሌግራም፣ ጄኔራሉ ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ፣ ጸሐፊው የያዘው የዕለት ማስታወሻ፣ ሁሉም አለ። የእኛ ብዙው ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሯል። ደግሞም በሩቅ ሰው ጠብ መከራከር ይቀላል። ስኒ የሚወረውር የለም። ወደ እኛም እንደርሳለን።

ማክሌላን፣ ማክሌላን ትላላችሁ። ማነው?

በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት፣ በጁላይ 1861 የሰሜኑ ጦር ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው ቡል ራን ላይ ተሸንፎ እግሬ አውጪኝ ሲል፣ የሰሜኑ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ጦሩን እንዲያቃና የጠራው ሰው ነው። ጆርጅ ማክሌላን። ዕድሜው ገና 34 ነበር። ያን የተበተነ ሕዝብ ሰብስቦ፣ አልብሶ፣ አሠልጥኖ ሠራዊት አደረገው። ይህን ማንም አይነጥቀውም። ወታደሩም ከልቡ ይወደው ነበር። በኖቬምበር አዛውንቱ ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት ጡረታ ሲወጡ የጠቅላላ ጦሩን አዛዥነትም ደረበ። ሊንከን ሥራው አይከብድህም ወይ ቢለው፣ «ሁሉንም እችለዋለሁ» አለ።

መሪውን ግን ይንቅ ነበር። ኖቬምበር 13 ማታ ሊንከን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሲዋርድና ወጣቱ ጸሐፊ ጆን ሄይ ማክሌላን ቤት ሄዱ። ሠርግ ሄዷል ተባሉ። ተቀምጠው ጠበቁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ። አሽከሩ ፕሬዚዳንቱ እንግዳ መቀበያው ውስጥ እንዳሉ ነገረው። እሱ በበሩ አልፎ ደረጃውን ወጣ። ልብስ ሊቀይር ይሆናል ብለው ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። በመጨረሻ ሰው ቢልኩበት መልሱ አንድ ነበር፤ ጄኔራሉ ተኝተዋል።

እዚህ ጋ ስንደርስ ጓሮው ሁሌ ይንጫጫል። እኛ ሰፈር እንኳን ፕሬዚዳንት፣ የዕድር ዳኛ እየጠበቀ ወጥቶ የሚተኛ የለም። ሄይ በመንገድ ላይ በንዴት ሲጨስ ሊንከን ያለው፣ አሁን የክብርና የሥርዓት ነገር የሚነሳበት ጊዜ አይደለም ነው። ድል ብቻ ያምጣልኝ እንጂ ፈረሱን እይዝለታለሁ ብሏል ተብሎም ይተረካል።

የባጃጅ ሹፌራችን ይህን እንደ ልፍስፍስነት ነው የሚቆጥረው። እኔ አይመስለኝም። ያን ማታ ቢያባርረው ምክንያቱ የራሱ ክብር ይሆን ነበር። ከዓመት በኋላ ሲያባርረው ግን ምክንያቱ የማክሌላን ሥራ ነበር።

ሊንከን ወታደር አልነበረም። በምን ዕውቀቱ ነው ጄኔራል የሚያዘው?

እውነት ነው፣ ጠበቃ ነበር። በ1832 በኢሊኖይ ሚሊሺያ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ካፒቴን ሆኗል። ያኔ ደም ያፋሰሰኝ ከትንኝ ጋር ነው እያለ ራሱ ይቀልድበት ነበር። የአገሩ ሕገ መንግሥት ግን ፕሬዚዳንቱን የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ያደርገዋል። ትንኝም ይሁን አንበሳ፣ ኃላፊው እሱ ነው።

ስለዚህ ተማረ። ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጦር መጻሕፍት እያስመጣ አነበበ። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የቴሌግራፍ ክፍሉ ነው። ክፍሉ ከቤተ መንግሥቱ ጎን ባለው የጦር ሚኒስቴር ውስጥ ነበር። ሊንከን በእግሩ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ማታ። መሳቢያውን ስቦ ከግንባር የመጣውን ወረቀት አንድ በአንድ ያነባል። ለእሱ የተጻፈውን ብቻ አይደለም፣ ጄኔራሎቹ የሚጻጻፉትንም። ወሬ ተቀብቶና ተቀምሞ እስኪመጣለት አልጠበቀም። ሄዶ ያመጣው ነበር።

ተሳስቷልም። በጃንዋሪ 1862 ትዕግሥቱ አልቆ ጦሩ በሙሉ በፌብሩዋሪ 22 እንዲንቀሳቀስ በጽሑፍ አዘዘ። ቀኑ የጆርጅ ዋሽንግተን ልደት ነው። ጭቃ ይኖራል፣ ስንቅ ይዘገያል፣ ጠላት የራሱ ሐሳብ አለው። እንደ በዓል በቀን መቁጠሪያ የሚዘመት ጦርነት የለም። ትእዛዙም ወረቀት ላይ ቀረ። በዚያው ሰሞን፣ «ማክሌላን ጦሩን ካልፈለገው ለጥቂት ጊዜ ልዋሰው» ማለቱ ግን እስከ ዛሬ ያስቃል።

ማክሌላን ፈሪ ነበር?

ለራሱ ነፍስ አይመስለኝም። የሚሳሳው ለጦሩ ነው። ያን ያማረ ሠራዊት በእጁ ሠርቶታል፣ እንዳይቆሽሽበት ይፈራል። አዲስ ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን የማይቀድ ሰው አታውቁም? እንደዚያ።

በ1862 ጸደይ ከ100,000 በላይ ወታደር በመርከብ አጓጉዞ ወደ ደቡቦቹ ዋና ከተማ ወደ ሪችመንድ ተጠጋ። ከተማዋ በእጅ ልትገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀራት። እዚያ ቆመ። ከፊቱ 200,000 ጠላት አለ ብሎ ያምን ነበር። የዚያ ግማሽ እንኳ አልነበረም። የሰላዮቹ አለቃ አለን ፒንከርተን የሚያመጣለት ቁጥር የተጋነነ ነበር፣ ማክሌላንም የተጋነነ ቁጥር አይጠላም። ሊንከን በበኩሉ ዋሽንግተን ባዶዋን ትቀራለች ብሎ ወደ ማክሌላን ሊሄድ የነበረ አንድ ኮር (ትልቅ የጦር ክፍል) አስቀረ። ማክሌላን ይህን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ማን ልክ ነበር? እኔና ሌላው አስተማሪ እስካሁን አልተስማማንም።

ከዚያ የደቡቦቹ ጄኔራል ሮበርት ሊ አጠቃው። ማክሌላን አፈገፈገ። ጁን 28 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለጦር ሚኒስትሩ ለኤድዊን ስታንተን ቴሌግራም ላከ። ይህን ጦር ካዳንኩት እናንተን የማመሰግንበት ነገር የለኝም፣ እናንተማ ልታስጨርሱት የተቻላችሁን አድርጋችኋል የሚል ነበር መጨረሻው። ቴሌግራሙን የተቀበለው ኃላፊ ይህን ሲያይ ደነገጠ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ቆርጦ ቀሪውን አደረሰ። ሊንከንም ስታንተንም ያን ጊዜ አላዩትም።

እኔ ስለዚህ ሰውዬ ብዙ አስባለሁ። ከመኳንንቱም ከጄኔራሎቹም አይደለም፣ ሽቦ ጠባቂ ነው። ያቺ ስድብ በሰዓቱ ደርሳ ቢሆን ማክሌላን በማግስቱ ይሻር ነበር፣ ያውም ጦሩ በማፈግፈግ ላይ እያለ። ደግ አደረገ ወይስ ከፋ? መሪው የአዛዡን ልብ እንዳያውቅ ከለከለው። በዚያው መጠን ጦሩን ከአንድ ቀውስ አዳነው። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ሰውዬው ሳያውቀው የኛን ሽማግሌ ሥራ ሠራ ብለው ጋሼ ስቀዋል።

ጄኔራል ስለ ፖለቲካ ሐሳብ ቢሰጥ ምን ነውር አለው?

ሲጠየቅ በሩን ዘግቶ ሐሳብ ቢሰጥ ነውር የለውም። ነውሩ በራሱ ሥልጣን ሲወስን ነው።

ጆን ፍሬሞንት የሚባል ጄኔራል በኦገስት 1861 ሚዙሪ ውስጥ ተነሥቶ የአማፂዎቹ ባሪያዎች ነፃ ናቸው ብሎ አወጀ። ዛሬ ስናየው እጃችንን እናጨበጭባለን። ሊንከን ግን ያን ሰዓት የሚጨነቀው ባሪያ እያላት ከሰሜኑ ጎን ስላልወጣችው ስለ ኬንታኪ ነው። አዋጁን አስተካክል ብሎ በጨዋ ቋንቋ ጻፈለት። ፍሬሞንት በግልጽ ካላዘዝከኝ አልነካውም አለ፣ ሚስቱንም ዋሽንግተን ድረስ ልኮ አስከራከረ። ሊንከን በግልጽ አዘዘው።

ማክሌላን ደግሞ ከተቃራኒው ጥግ መጣ። በጁላይ 1862 ከሪችመንድ ተመልሶ ሐሪሰን ላንዲንግ ላይ ሳለ ሊንከን ሊያየው ሄደ። ደብዳቤ ሰጠው። ስለ ጦርነቱ እንዳይመስላችሁ። ባርነት እንዳይነካ፣ ፖለቲካው ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚመክር ነበር። ሊንከን እዚያው አነበበ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ስለ ይዘቱ ምንም አላለም። በሴፕቴምበር 22 ባሪያዎችን ነፃ የሚያወጣውን አዋጅ የመጀመሪያ ረቂቅ ይፋ አደረገ።

ፍሬሞንት ቸኩሎ፣ ማክሌላን ዘግይቶ፣ ሁለቱም አንድ ጥፋት ነው ያጠፉት። ተማሪዎቹ ይህን አይቀበሉኝም። የፍሬሞንት ሐሳብ ጥሩ ስለነበር ይቅር እንዲባል ይፈልጋሉ። ጥሩ ሐሳብ ያለው ጄኔራል በገዛ ፈቃዱ አዋጅ እንዲያወጣ ከፈቀድን፣ መጥፎ ሐሳብ ያለውን በምን እንከለክለዋለን?

ታዲያ ሊንከን ለምን ቶሎ አላባረረውም?

የሚተካው ሰው አልነበረውማ። ወታደሩም የሚሰማው እሱን ነው።

ሴፕቴምበር 17, 1862 አንቲየተም ላይ ጦርነት ሆነ። በአንድ ቀን ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው ወደ 23,000 ይጠጋል። የሊ የጦር ዕቅድ ሲጋራ ተጠቅልሎበት ወድቆ ተገኝቶ ማክሌላን እጅ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ማን ያገኛል? የሊ ጦር ተጎድቶ ወንዙን ተሻገረ፣ ማክሌላን ግን አላሳደደውም። ሊንከን በኦክቶበር መጀመሪያ ራሱ ሄዶ አየው፣ ጎተጎተው። ሳምንታት አለፉ። ማክሌላን ፈረሶቹ ታመዋል፣ ደክመዋል ብሎ ጻፈ። ሊንከን የመለሰው ቴሌግራም ባጭሩ ይህን ይላል፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ፈረሶችህ ከአንቲየተም ወዲህ የሚያደክም ምን ሠርተዋል?

የሻረበት ትእዛዝ የተጻፈው ኖቬምበር 5 ነው፣ የምክር ቤት ምርጫው በተጠናቀቀ ማግስት። ሊንከን ፖለቲከኛ መሆኑን አትርሱ። ደብዳቤው ኖቬምበር 7 ማታ፣ በበረዶ ውስጥ፣ በጄኔራል እጅ ድንኳኑ ድረስ መጣለት። አንዳንድ መኮንኖች ወደ ዋሽንግተን እንዝመት እያሉ አጉረመረሙ። ማክሌላን ግን ጦሩን ለተተኪው በሥርዓት አስረክቦ ሄደ። በዚህ በዚህ አከብረዋለሁ።

ከተባረረ በኋላ ነገሩ ተሻለ?

ከድጡ ወደ ማጡ። የተተካው አምብሮዝ በርንሳይድ በዲሴምበር ፍሬድሪክስበርግ ላይ ወታደሩን ምሽግ ላይ እየነዳ አስፈጀ። መሪው ቸኮለ፣ አዛዡ ታዘዘ፣ ውጤቱ ያ ነበር። ማክሌላን ከሥራ ውጭ ሆኖ ሳይስቅ አልቀረም።

ቀጥሎ ጆሴፍ ሁከር። ይህኛው አገሪቱ አምባገነን ያስፈልጋታል ብሏል የሚል ወሬ ነበረበት። ሊንከን በጃንዋሪ 1863 ሲሾመው የሰጠውን ደብዳቤ እኔ ለተማሪዎቼ ሁሌ አነብላቸዋለሁ። ያልከውን ሰምቻለሁ ይለዋል። የሾምኩህ ግን ስላልከው ሳይሆን ብትለውም ነው። አምባገነን መሆን የሚችሉት የሚያሸንፉ ጄኔራሎች ብቻ ናቸው፤ አንተ ድሉን አምጣ፣ የአምባገነኑን ነገር እኔ እችለዋለሁ። ወሬውን ደብቆ ቂም አልያዘበትም፣ ፊት ለፊት ነገረው። ሁከርም በሜይ ተሸነፈ።

ጆርጅ ሚድ በጁላይ ጌቲስበርግ ላይ አሸነፈ፣ ግን እሱም ሊን አላሳደደም። ሊንከን ተቃጥሎ መራር ደብዳቤ ጻፈለት። ከዚያ ፖስታው ላይ ያልተላከ፣ ያልተፈረመበት ብሎ ጽፎ አስቀመጠው። እኛ ዛሬ በንዴት የጻፍነውን ሳንውል ሳናድር ነው የምንልከው።

በመጨረሻ በማርች 1864 ዩሊሲስ ግራንት መጣ። ሊንከን በኤፕሪል ማብቂያ የዕቅድህን ዝርዝር አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም ብሎ ጻፈለት። ብዙዎች እዚህ ላይ መሪው እጁን አወጣ ብለው ይደመድማሉ። አላወጣም። በማርች 1865 ሊ ከግራንት ጋር ለመነጋገር ሲጠይቅ፣ ለጦሩ እጅ መስጠት ካልሆነ በቀር ስለ ምንም የፖለቲካ ጉዳይ እንዳትነጋገር፣ ያ በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው የሚል ትእዛዝ ወዲያው ደረሰው። መድፉን ሰጠው፣ ሰላሙን አልሰጠውም።

መሪው ራሱ ወታደር ቢሆንስ አይሻልም?

የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት የተማረ፣ ሜክሲኮ የዘመተ፣ የጦር ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ከሊንከን ጋር ሲወዳደር ስለ ጦር ሁሉን ያውቃል። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ከጄኔራሎቹ እበልጣለሁ ብሎ ያስባል። ከጄኔራሉ ከጆሴፍ ጆንስተን ጋር በማዕረግ ቅደም ተከተል የጀመሩት ኩርፊያ እስከ መጨረሻው አለቀቃቸውም። በጁላይ 1864 ጆንስተን አትላንታ ደጃፍ ላይ ሆኖ ስላፈገፈገ ሻረው፣ ደፋሩን ጆን ሁድን ተካ። ሁድ ደጋግሞ አጠቃ፣ ጦሩን አስመታ። ሴፕቴምበር 2 አትላንታ ወደቀች። ይህ ድል በኖቬምበር ሊንከንን እንዲመረጥ ረዳው። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ወታደር የነበረ መሪ ሲነሳ ቤታችን ደረስን።

እሺ፣ ወደ እኛ እንምጣ። በደርግ ጊዜ እንዴት ነበር?

ከአሸዋ ሜዳ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። በ1969 ያ ሁሉ ሚሊሺያ የሠለጠነው እዚያ ነው። አለፍ ብሎ ሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት አለ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መኮንን የሆነው ከዚያ ተመርቆ ነው። ስለዚህ በኛ በኩል ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም።

ደርግ ወታደራዊ መንግሥት ነው፣ ሲቪልና ወታደር የሚባል ጠብ ከየት መጣ የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ከ1976 ጀምሮ ገዥው ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ነበር፣ ከ1980 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ መንግሥቱ የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ፕሬዚዳንት ነበር። ካኪው ተቀየረ፣ ፓርቲው ከጦሩ በላይ ሆነ። በየክፍሉ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኃላፊና የደህንነት ሰው ተቀመጠ። ሦስቱም ወደ ላይ ለየብቻ ያመለክታሉ። ትግራይ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ ከበታች ሹምነት ተነሥቶ የፖለቲካ ቢሮ አባል የሆነው ለገሠ አስፋው የበላይ ሆኖ ተላከ። ጄኔራሎቹ ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ የነበረው ጦር ተደመሰሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱ ትግራይን ለቆ ወጣ።

ጋሼ ስለዚህ ዘመን ሲጠየቁ ብዙ አያወሩም። አንድ ቅዳሜ ግን ከረከቦቱ ሦስት ስኒ አንሥተው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደሩ። «ይሄ አዛዡ። ይሄ ካድሬው። ይሄ ደህንነቱ።» ከዚያ ጀበናውን አነሡ። «ሦስቱም እጀታውን ይይዛሉ። ማን እንደሚቀዳ አይታወቅም። ሲደፋ ግን የሚጠየቀው አንዱ ነው።» የመጀመሪያውን ስኒ በአፉ ደፉት። ቡና የምታፈላው ልጅ ምን አጠፋሁ ብላ ደነገጠች።

ያ የተደፋ ስኒ ለእኔ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ናቸው። ናቅፋ ግንባር ላይ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ነበሩ። ግንባሩ ላይ ሽንፈት ደረሰ፣ በየካቲት 1980 ተረሸኑ። በወሩ፣ በመጋቢት፣ ናደው አፋቤት ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተደመሰሰ። ሦስት የሶቪየት አማካሪዎች ሳይቀሩ ተማረኩ።

አፋቤት የወደቀው በእሳቸው መረሸን ብቻ ነው አልልም፣ ሻዕቢያ በሚገባ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን እስቲ በቦታቸው በተተካው መኮንን ወንበር ተቀመጡ። ምሽጉ እንደሳሳ ታያለህ። ይህን ጽፈህ ወደ ላይ ትልካለህ? ሊንከን ማክሌላንን ሲሽር ሰውዬው ባቡር ተሳፍሮ ሚስቱ ጋ ሄደ። ይህ ልዩነት ለሰውዬው ብቻ አይደለም። ከኋላው ሪፖርት የሚጽፈውን ሁሉ እጅ ይይዛል።

ግንቦት 8, 1981 ታዲያ ምንድን ነው?

ያልወጣው ወሬ ሁሉ አንድ ቀን በበር ሳይሆን በጣሪያ ሲወጣ ያ ነው። መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረረ። ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ተሰበሰቡ። ያን ዓይነት ስብሰባ ቀድሞ ፕሬዚዳንቱ ባለበት ማድረግ ቢቻል ኖሮ መፈንቅለ መንግሥት ባላስፈለገ ነበር። ግን አልተቻለም።

መፈንቅለ መንግሥቱ አልተሳካም። መከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም እዚያው ተገደሉ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሐ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። ከዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1982፣ ታስረው ከነበሩት 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦርነቱ ግን እንደቀጠለ ነበር፤ ጦሩን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው ያለቁት። ግንቦት 13, 1983 መንግሥቱ ራሱ ከአገር ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት በአምቦ መንገድ ወታደር በየበሩ ይለምን ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አንዱ ውሃ ጠየቀ፣ እናቴ በጣሳ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲጨርስ የራሱን ኮዳ ፈትቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠና ሄደ። «ምን ያደርግልኛል» ነው ያላት። ኮዳው ዛሬም ቤታችን አለ። እናቴ ጠበል ታስቀምጥበታለች።

አሁን ያለው ሕግ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 መከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል ይሆናል ይላል። ሠራዊቱም ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ መሆን አለበት። አንቀጽ 74 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርጋል። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ጋሼ ሳነብላቸው «ስኒ ስንት ነው?» አሉ።

ማክሌላን መጨረሻው ምን ሆነ?

በ1864 ከሊንከን ጋር ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ሁለቱ ሰዎች ጠባቸውን በድምፅ መስጫ ሳጥን ጨረሱት ማለት ነው፣ ያውም ጦርነቱ ሳያልቅ። ሊንከን 212 ለ21 በሆነ የግዛቶቹ ወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፈ። ያ ማክሌላንን የሚወድ ወታደር እንኳ አብዛኛው የመረጠው ሊንከንን ነበር። በኋላ የኒው ጀርሲ ገዥ ሆኗል።

ስለ ቅርቡ ጦርነት ለምን አታወሩም?

ከመካከላችን ወንድም የቀበረ አለ። ከየትኛው ወገን ብላችሁ አትጠይቁ።

ለመምጣት ምን ያስፈልጋል?

የቡና ዋጋ። ከአስኮ በኩል «አሸዋ ሜዳ» የሚል ሚኒባስ ያዙ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ነን። ዝናብ ከሆነ ጓሮው ጭቃ ስለሚሆን ውስጥ እንገባለን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግራንት ቪክስበርግን እንዴት እንደያዘ ነው። ጋሼ ግን ግራንት ውስኪ ያበዛል የሚባለው ወሬ እውነት ይሁን አይሁን መጀመሪያ ካልተነገረኝ አልሰማም ብለዋል።